ላራቬል፦ ካስትና ሚውቴተር አንድ ኮለም ላይ ሲገናኙ

ድሬዳዋ ቀፊራ ላለ ሱቅ የደንበኞች መመዝገቢያ በላራቬል (በPHP ድረ ገጽ መሥሪያ ፍሬምወርክ) ስሠራ የገጠመኝን ላካፍላችሁ፤ ሰዓት ይቆጥብላችኋል።

አንድ ደንበኛ ሁለት ሦስት ስልክ ያስመዘግባል። አንዱን በ09፣ ሌላውን በ+251 ይሰጣል። ስለዚህ የስልኩን ኮለም (የዳታቤዝ ዓምድ) አሬይ (የእሴቶች ዝርዝር) ብዬ ካስት አደረግኩት፤ ማለትም ላራቬል ሲያስቀምጥና ሲያነብ ዓይነቱን ራሱ እንዲቀይር ነገርኩት። ቁጥሩን ሁሉ በ251 የሚያስጀምር ሚውቴተርም (እሴቱን ከመቀመጡ በፊት የሚያስተካክል ፋንክሽን) ጨመርኩ፤ ከላራቬል 9 ወዲህ ባለው አጻጻፍ። ሴቭ ሳደርግ ዳታቤዙ «0» የሚባል ኮለም የለም ብሎ እምቢ አለ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ላራቬል እሴት ሲቀበል መጀመሪያ ሚውቴተር ይፈልጋል። ካገኘ ካስቱን ዞር ብሎም አያየው። አሬዩን ወደ ጄሰን (ዝርዝርን በጽሑፍ መልክ መያዣ) የሚቀይርላችሁ የለም ማለት ነው። ይባስ ብሎ ሚውቴተሩ አሬይ ከመለሰ ቁልፎቹን (0፣ 1፣ 2 የሚሉትን የቦታ ቁጥሮች) እንደ ኮለም ስም ይወስዳቸዋል። የኔ «0» የመጣው ከዚያ ነው።

ስለዚህ ሚውቴተሩ ቁጥሮቹን አጽድቶ፣ ራሱ ጄሰን ኢንኮድ አድርጎ ይመልስ። ካስቱን ግን እንዳታጠፉት። ሚውቴተሩ ሴተር (ሲጻፍ የሚሠራው ክፍል) ብቻ ከሆነ ሲነበብ ካስቱ ይሠራል፤ አሬይ ሆኖ ይመጣላችኋል። ጌተር (ሲነበብ የሚሠራው ክፍል) ከጨመራችሁ ጌተሩ ላይ የሚደርሳችሁ ጥሬው የጄሰን ጽሑፍ ነው፤ ዲኮዱም (ወደ አሬይ መመለሱም) የእናንተ ሥራ ይሆናል። እኔ ጌተሩን ትቼዋለሁ።