የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ሒሳብን ከሥሩ እንዴት መያዝ ይቻላል?

ደብረ ብርሃን ላይ የዩኒቨርሲቲ ጀማሪዎችን ሒሳብ ሳስጠና ደጋግሞ የሚገጥመኝ ነገር አለ። ተማሪው “ኮምፕሌክስ ቁጥር አልገባኝም” ብሎ ይመጣል፤ ወረቀቱን አብረን ስናየው የተሰናከለው ክፍልፋይ ላይ ሆኖ እናገኘዋለን። የመግቢያ ነጥብ ላላመጡ ተማሪዎች በ2015 ዓ.ም. በተጀመረው የሬሜዲያል (የማካካሻ) መርሃ ግብር ያለውም፣ በቀጥታ አንደኛ ዓመት የገባውም የሚወድቁበት ጉድጓድ ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

1. ቀዳዳውን ፈልጉ። አንድ ምሽት ስልክና ካልኩሌተር አርቁ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ካስቸገራችሁ ብርድ ልብስ ተከናነቡ። ከሰባተኛ፣ ከስምንተኛና ከዘጠነኛ ክፍል መጻሕፍት አሥር አሥር ጥያቄ ሥሩ። እነዚህን ሦስቱንም ጨምሩባቸው፦ 1/2 + 1/3፣ −3²፣ (5 + 2)²። መልሳቸው 5/6፣ −9 እና 49 ነው። 2/5፣ 9 እና 29 ካላችሁ አትደንግጡ፤ ብዙ ባልንጀራ አላችሁ።

2. ቀዳዳውን ድፈኑ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ 2/5 ለሚለኝ ተማሪ ደንቡን ወዲያው አልነግረውም። “ግማሽ እንጀራ በልተህ ሲሶ ብትደግም፣ የበላኸው ከግማሽ ያንሳል?” እለዋለሁ። 2/5 ከግማሽ እንደሚያንስ ያውቃልና ይስቃል። ከዚያ እንጀራውን ወረቀት ላይ ስድስት ቦታ እንቆርጠዋለን፤ ግማሹ 3 ቁራሽ፣ ሲሶው 2 ቁራሽ፣ በጠቅላላው ከስድስቱ 5። የጋራ ታህት ማለት ይኸው ነው። (የሲሶና የእርቦ አራሽ ልጆች ሆነን ክፍልፋይ ሲያስፈራን ይገርመኛል።) −3² ላይ ደግሞ ቅንፍ ስለሌለ በራሱ የሚባዛው 3 ብቻ ነው፤ የመቀነስ ምልክቱ በኋላ ይመጣል። (5 + 2)² ላይ ግን ቅንፍ አለ፤ መጀመሪያ ደምራችሁ 7 አድርጉት፣ ከዚያ 7ን በራሱ አባዙ። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ለዚህ ብቻ መድቡ።

3. ቃላቱን ለዩ። ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ኮርሱ የሚከፈተው በሎጂክና በስብስብ ነው፤ እውንና ኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ ፋንክሽን፣ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ይከተላሉ። ሎጂክ ላይ የሚያደናግረው ስሌቱ ሳይሆን ቋንቋው ነው። ሻይ ቤት “ሻይ ወይም ቡና?” ስትባሉ አንዱን ትመርጣላችሁ፤ የሒሳቡ “ወይም” ሁለቱንም ይፈቅዳል። “ከሆነ… ይሆናል” የሚለውማ የባሰ ነው። አንድ ሰው “አህያ ቀንድ ካወጣች ብድሬን እከፍላለሁ” ቢልና ባይከፍል ዋሸ ልትሉት አትችሉም፤ አህያዋ ቀንድ አላወጣችማ። የዐረፍተ ነገሮችን እውነትና ሐሰት በምንመዘግብበት “የእውነት ሰንጠረዥ” ላይ መነሻው (“ከሆነ” ያለው ክፍል) ሐሰት ሲሆን ዐረፍተ ነገሩ እውነት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ “ቢያንስ”፣ “ቢበዛ” እና “ከሆነና ከሆነ ብቻ” የሚሉትን አቻ ቃላት ከነምሳሌያቸው በደብተር ያዙ።

4. ቀመሩን መሬት ላይ አውርዱት። ስሎፕ ማለት የከፍታውን ለውጥ ለአግድሙ ርቀት ማካፈል ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር፣ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ናቸው፤ በመካከላቸው 95 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። የመንገዱን ርዝመት እንደ አግድም ርቀት ብንወስደው 1,560 ሲካፈል ለ95፣ በየኪሎ ሜትሩ 16 ሜትር ያህል መውረድ ነው፤ ቁልቁለት ስለሆነ ኔጌቲቭ ይሆናል። በአውቶቡስ የሄደ ሰው ግን እዚህ ላይ ይከራከራል፤ መንገዱ መጀመሪያ ወደ ጣርማ በር ተራራ ይወጣል፣ እዚያ ያለውን የመኪና ዋሻ ካለፈ በኋላ ነው ወደ ደብረ ሲና ተጠማዞ የሚወርደው። ክርክሩ ልክ ነው። ያሰላነው አማካዩን ነው፤ የአንዷን ኩርባ ቁልቁለት ለማወቅ በጣም የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦች ያስፈልጋሉ። ካልኩለስ ስትደርሱ ይህን መንገድ አስታውሱት።

5. የተሠራውን ሸፍናችሁ ሥሩ። የመምህሩን ማስታወሻ ማንበብና መስማማት ቀላል ነው። ምሳሌውን በወረቀት ሸፍናችሁ ከባዶ ጀምሩ፤ ስትቆሙ አንድ መስመር ብቻ ገልጣችሁ ቀጥሉ።

6. ቱቶሪያል ላይ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። “ምዕራፍ ሁለት አልገባኝም” ከተባለ መምህሩ ምዕራፉን ይደግመዋል፤ እናንተም ያው ቦታ ላይ ትጠፋላችሁ። ስርዝ ድልዝ ያለበትን የራሳችሁን ወረቀት አቅርቡና ጣታችሁን የቆማችሁበት መስመር ላይ አድርጉ፦ “እስከዚህ ደርሻለሁ፤ ይህ ከየት መጣ?”