ትራውት ማጥመድና የአስጎብኚዎች ስብሰባ በአንድ ቀን፦ ዲንሾ ላይ

ሁለቱን በአንድ ቀን ለማድረግ የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። «ዓሣ በማለዳ ነው» ይልና ጠዋቱን ለወንዙ፣ ከሰዓቱን ለስብሰባው ይመድባል። ባሌ ተራሮች ላይ ያለችው ዲንሾ ግን 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በበጋው ወራት ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል የወይብ ወንዝ በማለዳ እጅ ያደነዝዛል፤ ትራውት የተባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣም ውሃው በጣም ሲቀዘቅዝ ለምግብ ይሰንፋል። ፀሐይ ሸለቆው ውስጥ ገብታ ውሃውን ስታሞቅ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ወዲህ፣ ይነቃቃል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ከተነሣ ደግሞ ክር መወርወር ያስቸግራል። ስለዚህ ገልብጡት፦ ስብሰባው ከ1፡30 እስከ 3፡30፣ ወንዙ ከ4 እስከ 8 ሰዓት፣ ከዚያ ምሳ።

ቀኑን ስትመርጡ አርብን ተዉት፤ ጁምዓ ሰጋጆቹ እኩለ ቀን ላይ ይሄዳሉ። የገበያ ቀንም አይሆንም። ሐምሌና ነሐሴ ጭራሽ አይታሰቡም፤ ትራውት የሚያድነው በዓይኑ ስለሆነ ወንዙ ሲደፈርስ ማጥመጃውን አያየውም። የማጥመድ ፈቃዱን ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ቀደም ብላችሁ ጨርሱ፤ የትኛው የወንዙ ክፍል እንደሚፈቀድም ያኔውኑ ጠይቁ። ጠዋት ቢሮ እስኪከፈት የምትጠብቁ ከሆነ ቀኑ አለቀ።

ስብሰባውን የሚያስረዝመው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የአስጎብኚ ተራ፣ የቀን አበል፣ የፈረስ ኪራይ፦ እነዚህ መጨረሻ ላይ ከተቀመጡ 3፡30 የተባለው 6 ሰዓት ይሆናል። መጀመሪያ ላይ አድርጓቸውና ለእያንዳንዱ 25 ደቂቃ ስጡ፤ ያልተቋጨው ለሁለት ሰው ይመራ። አንድ ተረኛ አስጎብኚ ከስብሰባው ውጭ ይቁም፤ አለበለዚያ ድንገት እንግዳ ሲመጣ ሦስት ሰው ተነሥቶ ይወጣል። ቃለ ጉባኤው የማጥመጃ ዘንግ ከመነካቱ በፊት ተነብቦ ይፈረም። ወንዝ የወረደ ሰው ለፊርማ አይመለስም።

ለ12 ሰው 4 ዘንግ በቂ ነው። በአንድ ዘንግ ሦስት ሰው ሆናችሁ በየ20 ደቂቃው ተቀያየሩ፤ በቡድኖች መካከል ቢያንስ 100 ሜትር ይኑር። ትራውት ፊቱን ወደሚፈሰው ውሃ አዙሮ ስለሚቆም ከኋላው፣ ማለትም ከታች ወደ ላይ፣ ተጠጉት። ከላይ የወረደ ሰው ገና ሳይወረውር ታይቷል። ጥላችሁም ውሃው ላይ አይረፍ፤ ዳር ላይ እየረገጡ መሄድም ያባርረዋል።

ለጀማሪ ከ3 እስከ 5 ግራም የምትመዝን የምትሽከረከር ብረት ማጥመጃና 0.18 ሚሊ ሜትር ክር ይቀላል። ሰው ሠራሽ ዝንብ ለሚወረውር 14 ቁጥር መንጠቆና ከ0.14 እስከ 0.16 የሆነ ጫፍ ክር ይበቃል። ክር የሚበጠሰው በአብዛኛው ቋጠሮው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ደረቅ ናይሎን ተስቦ ሲጠብቅ በሰበቃ ይሞቅና ይዳከማል። ቋጠሮውን በምራቅ አርጥቡና ቀስ ብላችሁ ሳቡት። የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቁት፤ ከዓሣውም ከሰው ጣትም በቀላሉ ይወጣል።

የምትለቁትን ዓሣ በደረቅ እጅ አትያዙ፤ ቆዳውን የሚጠብቀው ልጋግ ይላጣል። መንጠቆውን ውሃው ውስጥ እንዳለ አውጡለት፤ ራሱን ወደሚፈሰው ውሃ አድርጋችሁ በራሱ ኃይል እስኪሄድ ደግፉት። የምትበሉትን ግን ወዲያው ጭንቅላቱን መትታችሁ ግደሉ፣ ሆዱን ሰንጥቁ፣ የሚተነፍስበትን ስንጥብም አውጡ። ከአከርካሪው ሥር የሚታየውን ጥቁር ደም በአውራ ጣት ጥፍር ፍቃችሁ እጠቡ፤ መጀመሪያ የሚሸተው እሱ ነው። ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፣ ያፍነዋል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡት።

ሆድ ዕቃውን ዳር ላይ መጣል ጥፋት ነው። ውሻ ይስባል፤ ውሻ ደግሞ ለባሌ ቀይ ቀበሮ የእብድ ውሻ በሽታ ያመጣል። በባልዲ ይዛችሁ ተመለሱ። ውሻ አስከትሎ ወንዝ የሚወርድ አስጎብኚ ካለ ይህም ጠዋት ስብሰባው ላይ ይነሣ።

ምሳውን በዓሣው ላይ ብቻ አትጣሉት፤ ሽሮና ዳቦ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ዓሣ ከተገኘ ደግሞ ጥሩ፦ 250 ግራም የሚሆነውን ጨው ነስንሳችሁ መካከለኛ እሳት ላይ በእያንዳንዱ ጎን ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ጥበሱት፤ ሥጋው ከአጥንቱ ሲላቀቅ በስሏል። የሚያስቸግረው ድንቹ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ አዲስ አበባ ከለመዳችሁት በላይ ይቆያል። ሰዎቹ ከወንዝ ከመመለሳቸው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይጣድ።

ቡና እስኪፈላ ሁለት ሰው ዳሩን ይዙር። ሣር ውስጥ የቀረ ናይሎን የወፍ እግርና የፈረስ ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠመጠማል፤ ጠዋት የወጡት መንጠቆዎች ተቆጥረው ከነበረ የጎደለው አሁን ይታወቃል።