ፖስተራችሁን ለማተሚያ ቤት ከመስጠታችሁ በፊት
ግራፊክ ዲዛይን ለምትማሩ፦ ፋይሉን በፍላሽ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የአማርኛውን ጽሑፍ ወደ ቅርጽ ቀይሩት። ኢሉስትሬተር በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ጽሑፉን መርጣችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኦ አንድ ላይ መጫን ነው። እኔ ይህን ሳላደርግ የመመረቂያ ኤግዚቢሽን ፖስተሬን ወሰድኩ፤ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ስላልነበረ «ሥዕል» የሚለው ሦስት ባዶ ሳጥን ሆኖ ታተመ። (የማተሚያ ቤቱ ልጅ ደግሞ «ዲዛይኑ መስሎኝ ነው» አይለኝም!) ታዲያ አንዴ ቅርጽ ከሆነ ግድፈት ማረም ስለማይቻል፣ ዋናውን ፋይል ለብቻው አስቀምጡ። ቀለሙንም ከአርጂቢ (የስክሪን ቀለም) ወደ ሲኤምዋይኬ (የኅትመት ቀለም) ቀይራችሁ እዩት፤ ስክሪን ላይ ቦግ ያለው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። የጀርባውን ቀለም ሲቆረጥ ነጭ ጠርዝ እንዳይቀር ከመቁረጫው መስመር 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ አሳልፉት።