ሻካራ ቡትስ ደረቀ፣ ተሰነጠቀ፣ ነጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ ዓይነት ቆዳ ብቻ ነው። ሻካራው ፊቱ ወደ ውጪ፣ ለስላሳው ፊቱ ወደ እግር የዞረ፣ ዘይትና ሰም የጠጣ ወፍራም የቡትስ ቆዳ። እንግሊዝኛው ራፍአውት ይለዋል። ጅማ የሚደርሰው ወይ ከሳልቫጅ ክምር ውስጥ ተገኝቶ ነው፣ ወይ አሜሪካ ያለ ዘመድ ልኮት ነው። የምጽፈው ጭቃ ማራገፍና የጫማ ክር አውጥቶ ማጠብ ለሚያውቅ ሰው ነው።

ስዊድ ነው ብላችሁ አትነሱ። ስዊድ የሚሠራው ከቆዳው የታችኛው ንጣፍ ነው፤ ጠንካራው የላይ ሽፋን የለውም። ይሄኛው ግን ሽፋኑ ያልተነካ ሙሉ ቆዳ ነው። ተገልብጦ ስለተሰፋ ጠንካራው ሽፋን ውስጥ ነው ያለው። ለዚህ ነው ድንጋይም እሾህም ቢቧጭረው ብዙ የማያስታውቅበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች ያደርጉት የነበረው ቡትስም እንዲህ የተገለበጠ ነበር። ውሃ እንዳያስገባ ስብ ይቀቡት ነበር። ይህን የማነሳው ቆዳው ለዝናብና ለጭቃ የተሠራ መሆኑን እንድታውቁ ነው። የጅማ ዝናብ አይገድለውም። የሚገድለው እሳትና ሳሙና ነው።

ምልክት፦ ቡትሱ እንደ እንጨት ደርቋል፣ መታጠፊያው ላይ መስመር አውጥቷል

ክረምት ላይ ከሚመጣልኝ ሥራ አብዛኛው ይሄ ነው። ሰው ይለያያል እንጂ ታሪኩ አይለያይም። ሰውየው ቀይ ጭቃ ውስጥ ይውላል። ማታ ቡትሱን ባልዲ ውስጥ ይነክረዋል። ዱቄት ሳሙና ይጨምርበታል። በልብስ ብሩሽ ይፈትገዋል። ከዚያ ለጠዋት እንዲደርስለት ከሰል ምድጃ አጠገብ ያቆመዋል። ጠዋት ደርቆ ያገኘዋል፤ እግሩ ግን አይገባም። በግድ ሲያስገባው ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ቀጭን መስመር ይወጣል። ሳይቆይ መስመሩ ስንጥቅ ይሆናል።

ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ለሌላው መንገድ ይከፍትለታል። ቆዳው ውስጥ ያለው ዘይት ቃጫዎቹ እርስ በርስ እንዲንሸራተቱ ያደርጋል። ቡትስ ሳይሰበር የሚታጠፈው በዚህ ነው። የዱቄት ሳሙና ሥራ ደግሞ ስብ ማስለቀቅ ነው። የሸሚዝ አንገት ቅባትና የቆዳ ዘይት ለእሱ አንድ ናቸው። ዘይቱን አጥቦ ያወጣዋል፣ ቦታውን ውሃ ይይዘዋል። ፍሙ ውሃውን በፍጥነት ሲያባርረው ቃጫዎቹ ባዷቸውን ይቀሩና ይጣበቃሉ። ከዚያ በኋላ ሲታጠፉ መንሸራተት ስለማይችሉ ይበጠሳሉ።

ሌላም አለ፤ ይሄኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። የቡትሱ የላይ ቆዳ አብዛኛውን ጊዜ ክሮም በሚባል የማዕድን ጨው የተለፋ ነው። እርጥብ ሆኖ እንኳ እስከ 100 ዲግሪ አካባቢ ሳይኮማተር ይችላል። የውስጥ ሶሉና በዙሪያው የሚሰፋው የቆዳ ጥብጣብ ግን ብዙውን ጊዜ በእፅዋት የተለፋ ነው። እሱ እርጥብ ከሆነ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይኮማተራል። ስለዚህ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ የተበላሸ ቡትስ አለ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የረጠበ ቡትሱን የጋለ ሞተር ላይ አስቀምጦ አድርቆ አመጣልኝ። የላይ ቆዳው በዘይት ተመለሰ። የውስጥ ሶሉ ግን ጫፍ ጫፉ ወደ ላይ ተጠቅልሎ፣ መሃሉ ተሰንጥቆ ነበር። ሶሉን በሙሉ ፈትቶ እንደገና ከመስፋት ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ከሰል ብቻ አይደለም። ክረምት ላይ ፀሐይ ብቅ ስትል ቡትሱን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚያሰጣ አለ። ፀሐይ የጠጣ ቆርቆሮ ከምድጃ አይሻልም። አንድ ተማሪ እንዲህ አድርጎ ያደረቀውን ይዞ መጣ። ቆርቆሮውን የነካው ጎን ጠንክሮ ሌላው ጎን ለስላሳ ነበር። በማግስቱ ፈተና ስላለበት አሁኑኑ አለስልስልኝ አለኝ። አሁኑኑ የሚባል ነገር የለም። እንጀራ ምጣድ አጠገብ፣ ማብሰያ ስቶቭ ስር፣ ፀጉር ማድረቂያ በቅርብ፣ ሁሉም ያው ነው። እጃችሁን አጠገቡ ለረጅም ጊዜ ማቆየት ካልቻላችሁ ቡትሱም አይችልም።

መፍትሄው ላይ ከመድረሳችሁ በፊት እጃችሁን ቡትሱ ውስጥ ክተቱ። ገበር ከሌለው መታጠፊያውን ከውስጥ በጣት ዳብሱት። ለስላሳው ሽፋን ሳይሰነጠቅ ካለ ቡትሱ ይድናል። ከውጪ የሚታየው መስመር የደረቀ ሻካራ ፊት ብቻ ሊሆን ይችላል። ውስጡ ከተሰነጠቀ ግን ጥንካሬውን የያዘው ሽፋን አልቋል፤ ዘይት አይመልሰውም።

የሚድን ከሆነ መጀመሪያ ሳሙናውን አስወጡ። ቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ፣ ንጹህ ጨርቅ፣ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ። ሳሙና ውስጡ እያለ ዘይት መቀባት ድካም ነው። ከዚያ ጋዜጣ አጨማዳችሁ እስከ ጣቱ ድረስ ጠቅጥቁበት። ጋዜጣው ሲርስ ቀይሩት። አንድ ጊዜ ጠቅጥቀው የሚረሱት ብዙ ናቸው፤ የረጠበ ጋዜጣ ውስጡ ማሳደር ሻጋታን ቤት መስጠት ነው። ቡትሱን በጎኑ አስተኙት፣ ሶሉም አየር ያግኝ። ጥላ፣ ነፋስ ያለበት ቦታ። 2 ወይም 3 ቀን ይወስዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከዚያም በላይ። ለሥራ ሌላ ጫማ አድርጉ፤ ሌላ ጫማ ከሌላችሁ ደግሞ ከመጀመሪያውም ባልዲ ውስጥ አትንከሩት። ጭቃው ራሱ ሲደርቅ በብሩሽ ይረግፋል፤ ቀይ አፈር እርጥብ እያለ ስትፈትጉት ነው ወደ ውስጥ የሚገባው።

ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ገና ትንሽ እርጥበት እያለው፣ ዘይቱን ቀቡ። ከከብት እግር የሚወጣው የኮርቻ ዘይት ከተገኘ እሱ ይሻላል። ካልተገኘ ጨው ያልነካው የበሬ ሞራ ቀልጦ፣ ተጣርቶ፣ ከንብ ሰም ጋር ይደባለቃል። ሰሙ ከሞራው ያንሳል። ሰም ጅማ ገበያ አይጠፋም። የምታቀልጡት ግን የፈላ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ነው፤ በቀጥታ እሳት ላይ ከጣዳችሁት ይነዳል። በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ አንድ ቀን አሳድሩ፣ ካነሰው ድገሙ። ባንዴ አታጥግቡት። ቆዳው ይጠቁራል፤ ወደ ድሮው ቀለም አይመለስም። ቀለሙ የሚያሳስባችሁ ከሆነ መጀመሪያ ምላሱ ስር ሞክሩ።

የምግብ ዘይት አትቀቡ፤ ውሎ አድሮ ይገማል። ቅቤም እንደዚያው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይዘው የሚመጡትን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ያ ዘይት አሲድና የብረት ብናኝ ተሸክሟል። ክሩን ያበላሻል፣ የጎማ ሶሉን ያሳብጣል፣ ካልሲያችሁን አልፎ ቆዳችሁ ላይ ይደርሳል። በነጻ ስለተገኘ ብቻ ውድ ቡትስ ላይ አይፈስም።

ዘይቱ ከገባ በኋላ መታጠፊያውን በእጅ ቀስ እያላችሁ አለማምዱት። ከዚያ ቤት ውስጥ አጭር አጭር ሰዓት አድርጉት። ሻካራው ፊት ሲደርቅ ጠንካራ የናይለን ብሩሽ በአንድ አቅጣጫ አሂዱበት። የብረት ሽቦ ብሩሽ ቃጫውን ይነቅላል፤ አትንኩት።

ስንጥቁ እስከ ውስጥ ካለፈ ስስ ቆዳ ከውስጥ ተደርጎ ይሰፋል። ማስቲሽ ሞልቶ ላዩን ቀለም የሚቀባላችሁ ሰው ገንዘባችሁን ነው የሚወስደው። መታጠፊያ ላይ የደረቀ ማስቲሽ በመጀመሪያው ቀን ይላቀቃል፤ ስንጥቁንም ያሰፋዋል።

ምልክት፦ ነጭ ነገር ወጥቶበታል

ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። አውራ ጣታችሁን አጥብቃችሁ አሹበት። በጣት ሙቀት ቀልጦ ከጠፋ ከቆዳው የወጣ ስብ ነው። ጉዳት የለውም፤ አሹት፣ ቦርሹት፣ በቃ። ካልቀለጠና ጠርዙ ላይ እንደ ካርታ መስመር ቅርፊት ከሠራ ጨው ነው። ብዙ ጊዜ ከላብ ይመጣል። በረጠበ ጨርቅ ደጋግማችሁ አንሱት።

የሻጋታ ሽታ ካለውና ፀጉራም ከሆነ ሻጋታ ነው። ጅማ ላይ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ፌስታል ውስጥ ተቋጥሮ አልጋ ስር የገባ ቡትስ ሁሉ ይሻግታል። ደጅ አውጥታችሁ ቦርሹ፤ ቤት ውስጥ ከቦረሻችሁት ዘሩን ወደ ሌላው ጫማ ነው የምትበትኑት። ኮምጣጤና ውሃ እኩል ለእኩል ደባልቃችሁ በጨርቅ ውስጡንም ውጪውንም ጥረጉ፣ በጥላ አድርቁ። ሻጋታው ሳይጸዳ ዘይት አትቀቡ። ስቡ ምግቡ ነው። ከዚያ በኋላ ፌስታል ሳይሆን የጨርቅ ከረጢት፣ ከግድግዳ ራቅ ያለ መደርደሪያ።

ምልክት፦ ሻካራው ፊት ተኝቶ ያብለጨልጫል

የጫማ ቀለም ተቀብቷል። ሊስትሮው ጥፋተኛ አይደለም፤ ይዛችሁ ስትቀመጡ ቀለም አይነካም ማለት የእናንተ ሥራ ነው። ትኩስ ከሆነ በብሩሽ በከፊል ይነሳል። ከቆየ ግን እንዲሁ ታደርጉታላችሁ እንጂ የድሮው ፊት አይመለስም።

ቀሪዎቹ ብዙም አያጋጥሙም። ካልሲ የሚያቀልም አዲስ ቡትስ ጥቂት ጊዜ ሲደረግ ይተዋል። የክር ቀዳዳው ብረት ከወለቀ በዚያው መጠን ይተካል፤ ሰፋ ያለ አታስመቱ። ሲራመዱ የሚጮህ ከሆነ ምላሱና የውስጥ ሶሉ ጋ ፈልጉት። ከሳልቫጅ የተገኘ ቡትስ ለስላሳ ሶሉ በእጅ ሲነካ እየተፈረፈረ ከሆነ ሶሉ ፖሊዩሪቴን የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ ለዓመታት ያገኘው እርጥበት አፈራርሶታል። ማስቲሽ አይይዘውም። የላይ ቆዳው ደህና ከሆነና ሶሉ በዙሪያው በክር የተሰፋ ከሆነ ተፈትቶ የጎማ ሶል ይሰፋለታል። በማጣበቂያ ብቻ የተያያዘ ከሆነ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ጥላችሁት እለፉ።