ባዶ የቀረን ትልቅ ሱቅ አዳራሽ ወይም ቤተ ክርስቲያን ለማድረግ የሲቲ ፈቃድ እንዴት ይወጣል?

አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ ሱቆች መዘጋት ከጀመሩ ቆዩ። ሰርኪት ሲቲ በ2009 ከገበያ ወጣ። ቶይስ አር አስ በ2018 ሱቆቹን ዘጋ። ቤድ ባዝ ኤንድ ቢዮንድ በ2023፣ ጆአን ደግሞ በ2025 ተከተሉ። ድርጅቶቹ ሲሄዱ ሕንጻዎቹ ቀሩ። ፎቅ የላቸውም፣ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ነው፣ መስኮት ብርቃቸው ነው፣ ፊት ለፊታቸው ደግሞ ሰፊ ፓርኪንግ ተዘርግቷል።

የኛ ሰው ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። በኪራይ አዳራሽ ማስቀደስ የሰለቸው ምእመን አለ። የሰርግ አዳራሽ ልክፈት የሚል አለ። ሃሳቡ ጥሩ ነው። ቴክሳስ ውስጥ የማክአለን ከተማ ትቶት የሄደውን ዋልማርት ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቀይራ በ2011 መጨረሻ ከፍታዋለች። ወደ 124,500 ስኩዌር ፊት ነው፤ በማግስቱ ዓመት በውስጥ ዲዛይኑ ተሸልሟል።

ብዙ ሰው ግን ገንዘቡ የሚቀልጠው በቅደም ተከተል ስህተት ነው። መጀመሪያ ሊዝ፣ ማለትም የኪራይ ውል፣ ይፈርማል። ከዚያ ኮንትራክተር ይጠራል። ሲቲው ጋ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር ጋ፣ የሚሄደው መጨረሻ ላይ ነው። መሆን ያለበት ግልብጡ ነው። እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ሕግ አለው፤ ከታች ያለው በአብዛኞቹ ዘንድ የሚሠራው መንገድ ነው።

1. ምን ልትሠሩበት እንደሆነ በአንድ ገጽ ጻፉ

ሲቲው ቀድሞ የሚጠይቀው ቀለሙን ወይም ግድግዳውን አይደለም። «ለምን አገልግሎት ነው?» ነው የሚለው። ሱቅ የነበረውን መልሶ ሱቅ ማድረግ ቀላል ነው። ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ማድረግ ግን የአገልግሎት ለውጥ ይባላል፤ ጣጣው ሁሉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው።

ስለዚህ በግልጽ ጻፉ። ስንት ሰው ይመጣል? በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት? ምግብ ይበስላል ወይስ ተሠርቶ ይመጣል? መጠጥ ይሸጣል? ሙዚቃ አለ? የሕጻናት ክፍል አለ?

እዚህ ላይ አትሸፋፍኑ። «እሁድ ጠዋት ብቻ ነው» ብላችሁ ጽፋችሁ፣ በኋላ የፋሲካ ሌሊት ፓርኪንጉ ከሞላ ጎረቤት ይደውላል፤ ሲቲውም ማመልከቻችሁን አውጥቶ ያነባል። ማኅሌቱንም፣ የትንሣኤን ሌሊትም፣ የጥምቀትንም ጻፉት። የተፈቀደ ነገር ማንም አይነካውም።

2. ዞኒንጉን እዩ

ዞኒንግ ማለት በየትኛው ቦታ ምን አገልግሎት እንደሚፈቀድ የሚወስነው የከተማው ሕግ ነው። የሲቲው ድረ ገጽ ላይ የዞኒንግ ካርታ አለ። አድራሻውን አስገቡና የዞኑን ስም ያዙ። ከዚያ የተፈቀዱ አገልግሎቶች ሰንጠረዥ ፈልጉ። ከናንተ አገልግሎት ትይዩ «ይፈቀዳል» የሚል ምልክት ካለ እድለኞች ናችሁ። «በልዩ ፈቃድ» ከሆነ፣ ብዙ ቦታ ኮንዲሽናል ዩዝ ፐርሚት የሚባለውን ማውጣት ግድ ነው፤ ይህ ሂሪንግ፣ ማለትም ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ስብሰባ፣ አለው። ባዶ ከሆነ ክልክል ነው። ክልክሉን ለማስነሳት ዞኑን ማስቀየር ወይም ሕጉን ማሻሻል ይጠይቃል። እዚያ ከደረሳችሁ ሌላ ሕንጻ ብትፈልጉ ይሻላል ባይ ነኝ።

ቤተ ክርስቲያን ለምትከፍቱ አንድ ነገር እወቁ። ሲቲዎች የንግድ ቦታ ወደ ቤተ እምነት ሲቀየር ፊታቸውን የሚያጠቁሩት ብዙ ጊዜ በገንዘብ ምክንያት ነው። የሽያጭ ታክሱ ይቀራል፣ የንብረት ግብሩም ይቀራል። ነገር ግን በ2000 የወጣ አርሉፓ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። ከተማው በአንድ ዞን ውስጥ ለክበብ፣ ለቲያትር ወይም ለመሰብሰቢያ አዳራሽ የፈቀደውን ለቤተ እምነት ሊነፍግ አይችልም፤ በእኩል ማስተናገድ አለበት ይላል። ይህን ሕግ ገና በመጀመሪያው ቀን እንደ ዱላ አትምዘዙት። ሠራተኛው ወዲያው ነገሩን ወደ ከተማው ጠበቃ ይመራዋል፣ ወሬውም ይቋረጣል። መልሱ እምቢ ከሆነ ግን በዚህ ሕግ የሠራ ጠበቃ አማክሩ።

3. የሕንጻውን ወረቀት ሳታዩ አትፈርሙ

ሲቲው ቢፈቅድም ሕንጻው ራሱ የታሰረ ሊሆን ይችላል። ትልልቅ ሱቆች ሲወጡ በርስቱ ሰነድ ላይ ገደብ ትተው መሄድ ልማዳቸው ነው። «እዚህ ግሮሰሪ አይከፈትም» የሚለው በጣም የተለመደ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሱቆች እርስ በርስ የተፈራረሙት ስምምነትም ይኖራል። ፓርኪንጉ የማን ነው? አዳራሽ፣ ጂም ወይም ቤተ እምነት ይከለክላል? ይህን ሲቲው አይነግራችሁም፤ የሁለት ወገን ውል ስለሆነ አያገባውም። የርስቱን ሰነድ የሚያጣራውን የታይትል ካምፓኒ ሪፖርት አስወጡና ጠበቃ ያንብበው።

ሊዙ ወይም የግዢው ውል ላይ ደግሞ አንድ አንቀጽ አስገቡ። ፈቃዱ ካልተገኘ ውሉ ይፈርሳል፣ ማስያዣውም ይመለሳል የሚል። ኪራዩም መቆጠር የሚጀምረው ፈቃድ ከወጣ በኋላ ይሁን። ባለቤቱ ያንገራግር ይሆናል። ግን ሕንጻው ዓመታት ባዶውን የቆመ ከሆነ የመደራደር አቅሙ ያላችሁ እናንተ ናችሁ። ይህን አንቀጽ የማይቀበል ባለቤት ካጋጠማችሁ፣ እኔ ብሆን ትቼው እሄዳለሁ።

4. ከማመልከቻ በፊት ስብሰባ ጠይቁ

ፕሪ አፕሊኬሽን ሚቲንግ ይባላል። አንዳንድ ከተማ በነጻ፣ አንዳንዱ በክፍያ ነው። የፕላኒንግ ሠራተኛው፣ የእሳት አደጋው፣ የቢልዲንጉ፣ የትራፊኩ ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ያቺን አንድ ገጽና በእጅም ቢሆን የተሣለ ንድፍ ይዛችሁ ግቡ። የትኞቹ ፈቃዶች ያስፈልጋሉ? ማን ነው የሚወስነው፣ ሠራተኛው ወይስ የከተማው የፕላኒንግ ኮሚሽን? ስንት ወር ይፈጃል? ክፍያው ስንት ነው? ስትወጡ የተባለውን በጽሑፍ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። የቃል ነገር ሠራተኛው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። የሕንጻውን የድሮ ፕላንም ከዚያው አስወጡ።

5. ሰው ቁጠሩ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ወጪው የሚወሰነው እዚህ ነው።

አብዛኞቹ ከተሞች ኢንተርናሽናል ቢልዲንግ ኮድ የሚባለውን የሕንጻ ደንብ ይከተላሉ። በቅርብ እትሞቹ ኮዱ ለሱቅ በአንድ ሰው 60 ስኩዌር ፊት ይመድባል። ጠረጴዛና ወንበር ላለው አዳራሽ 15፣ ወንበር ብቻ ለተደረደረበት 7፣ ሰው ለሚቆምበት 5።

10,000 ስኩዌር ፊት ውሰዱ። ሱቅ ሆኖ 167 ሰው ነበር የሚቆጠርበት። ያው ቦታ የሰርግ አዳራሽ ሲሆን 667 ይሆናል። ወንበር የተደረደረበት ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ከ1,400 ያልፋል። ሕንጻው አንዲት ጡብ አልጨመረም፤ በወረቀት ላይ ግን ሌላ ሕንጻ ሆኗል።

ከዚያ ሌላው ይከተላል። እስከ 500 ሰው ሁለት መውጫ በር ይበቃል። ከ500 ካለፈ ሦስት፣ ከ1,000 ካለፈ አራት። መጸዳጃውን ደግሞ እዩ። ሱቅ ለ500 ሰው አንድ መቀመጫ ነው የሚጠየቀው፤ ስለዚህ ለወንድ አንድ ለሴት አንድ ይበቃው ነበር። የሰርግ አዳራሹ ለ75 ሰው አንድ ይጠየቃል፤ 667ቱን ለሁለት ስትከፍሉት ለወንድ አምስት፣ ለሴት አምስት ነው። ለቤተ ክርስቲያን ለሴቶች በ75፣ ለወንዶች በ150 አንድ ነው፤ ለ1,400 ሰው ለሴቶች አሥር፣ ለወንዶች አምስት ይመጣል። አዲስ መጸዳጃ ማለት የሲሚንቶ ወለሉን ሰንጥቆ ቧንቧ መቅበር ነው። ኪስ የሚያራቁተው እንግዲህ ይህ ነው። አንዳንድ ስቴት የራሱ የቧንቧ ሕግ ስላለው አርክቴክቱ በዚያው ያስላው።

የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። ምእመኑ ቆሞ ያስቀድሳል፤ ስለዚህ በየትኛው ቁጥር እንደሚሰላ አርክቴክቱ ከቢልዲንግ ሠራተኛው ጋር ቀድሞ ይስማማ። ጫማ የሚወልቅበትን ቦታ ፕላኑ ላይ ሣሉት። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጫማው በሩ ሥር ይከመራል። ኢንስፔክተር የሚያየው የተዘጋ መውጫ ነው። ከበሩ ወዲህ ለብቻው ክፍል ወይም መደርደሪያ ይኑረው። ጧፉንና ዕጣኑንም ለፋየር ማርሻሉ፣ ለእሳት አደጋ ተቆጣጣሪው፣ ንገሩት፤ የጭስ ማወቂያው የት እንደሚሰቀል በዚያው ይወሰናል። ከቅዳሴ በኋላ ምግብ የሚበስል ከሆነ የጭስ መሳቢያውና የቅባት ማጠራቀሚያው፣ የጤና ቢሮውም ይመጣሉ። ምግቡ ቤት ተሠርቶ ከመጣና እዚያ ከተሞቀ ብቻ ነገሩ በጣም ይቀላል።

የእሳት ማጥፊያ ውሃው፣ ስፕሪንክለር የሚባለው፣ ትልልቅ ሱቆች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አለ። አዲስ ግድግዳ ስታቆሙ ግን አፎቹ መዛወር አለባቸው። ለዚህም የራሱ ፐርሚት አለው።

6. ባለሙያ ያዙ፤ አስቤስቶስም አስመርምሩ

አርክቴክት ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ይበቃል። በዚህ ከተማ ሱቅን ወደ አዳራሽ ቀይረህ ታውቃለህ? ቆንጆ ቤት የሚሠራ ሁሉ ይህን አያውቅም።

የፌዴራል ሕግ ከእድሳት በፊት የአስቤስቶስ ምርመራ ያዛል፤ አስቤስቶስ በድሮ ሕንጻዎች ውስጥ የሚገኝ፣ ብናኙ ለጤና አደገኛ የሆነ ቁስ ነው። አሮጌ ሕንጻ ውስጥ ዘጠኝ ኢንች በዘጠኝ ኢንች የሆነ የወለል ንጣፍ ካያችሁ ጠርጥሩ። ሕጉ የሚመለከተው መጠን ከተገኘና የሚነሳ ከሆነ፣ ሥራው ከመጀመሩ 10 የሥራ ቀን በፊት ማሳወቂያ ይገባል። የአካል ጉዳተኞች መግቢያም አለ። ቤተ እምነት ከኤዲኤ፣ ከፌዴራሉ የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ ነጻ ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ፌዴራሉን በተመለከተ እውነት ነው፤ የከተማው የቢልዲንግ ኮድ ግን ያስገድዳችኋል።

7. ማመልከቻውን አስገቡ

የፓርኪንግ ቁጥር ዋናው ክርክር ነው። ባፈሎ በ2017፣ ሚኒያፖሊስ በ2021፣ ኦስቲን በ2023 ዝቅተኛ የፓርኪንግ ግዴታን አንስተዋል። ሌላ ቦታ ከሆናችሁ ግን በሰዓት ተከራከሩ፤ እናንተ በሌሊትና በእሁድ ጠዋት ስትመጡ አጠገባችሁ ያሉት ሱቆች ዝግ ናቸው። ከነሱ ጋር የተፈረመ የጋራ ፓርኪንግ ስምምነት ብታያይዙ ነገሩ ይቀላል።

ከዚያ ሲቲው ረጅም የአስተያየት ደብዳቤ ይልካል። አትደንግጡ። እያንዳንዱን ቁጥር በቁጥሩ መልሱ፤ ያስተካከላችሁት በየትኛው ገጽ እንዳለ ጻፉ። አንዷን የዘለለ ማመልከቻ እንደገና ወረፋ ይይዛል።

8. ሂሪንግ

ልዩ ፈቃድ ከሆነ ሲቲው በአካባቢው ላሉ ባለንብረቶች ደብዳቤ ይልካል፣ ሕንጻው ላይም ማስታወቂያ ይለጠፋል። ደብዳቤው ሳይደርስ እናንተ ቀድማችሁ አንኳኩ። ቡና አፍልታችሁ ጎረቤቱን ብትጠሩትም አይከፋም። ሰው የሚቃወመው የማያውቀውን ነው፤ ፊታችሁን ካየ ቢያንስ ስልክ ይደውልላችኋል።

ከሂሪንጉ በፊት ሠራተኛው ለኮሚሽኑ የሚጽፈው ሪፖርት ይወጣል። መጨረሻው ላይ ያሉትን ቅድመ ሁኔታዎች አንብቡ። «ከምሽቱ አሥር ሰዓት (10 PM) በኋላ ክልክል ነው» የሚል ካለ፣ የሰርግ አዳራሽ ይዞ የሚሄድበት መንገድ የለም፤ ማኅሌትም አይቆምም። ይህን ከሂሪንጉ በፊት ከሠራተኛው ጋር ተነጋግራችሁ አስተካክሉ። መድረክ ላይ ማስቀየር ከባድ ነው።

ለአንድ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው። ሁሉም ተራ በተራ ስለ ማኅበረሰባችን ደግነት ከሚናገር፣ አንዱ ስለ መኪና፣ አንዱ ስለ ድምፅ፣ አንዱ ስለ ሰዓት ቢመልስ ይሻላል። የቀረው ቁጭ ብሎ እጁን ያውጣ፤ ያም ይቆጠራል።

9. ከፈቃዱ በኋላ

የአገልግሎት ፈቃድ የግንባታ ፈቃድ አይደለም። ግድግዳ ለማፍረስ የቢልዲንግ ፐርሚት ለብቻው ይወጣል፤ የመብራቱ፣ የቧንቧውና የአየር ማቀዝቀዣውም እንደዚያው። ሥራ ሳትጀምሩ ከቆያችሁ የአገልግሎት ፈቃዱ ጊዜው ያልፋል፤ ብዙ ቦታ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው። ገንዘብ ገና እየተሰበሰበ ከሆነ ከማለቁ በፊት ማራዘሚያ ጠይቁ።

ኢንስፔክሽኖቹ ሲያልቁ ሰርተፊኬት ኦፍ ኦኩፓንሲ የሚባለው ወረቀት ይሰጣል። እሱ ሳይወጣ ሕንጻው ውስጥ ሰው መሰብሰብ አይቻልም። ጥቃቅን ሥራ ከቀረ ጊዜያዊ ወረቀት ጠይቁ፤ ብዙ ከተማ ይሰጣል። የሰርግ አዳራሽ ከሆነ፣ ይህ ወረቀት በእጃችሁ ሳይገባ ከሙሽሮች ቀብድ አትቀበሉ። ኢንስፔክተሩ አንድ ቀን ቢያዘገያችሁ፣ ስድስት መቶ ሰው የተጠራበትን ሰርግ የምታዛውሩበት ቦታ የለም።