ከምድር ኃይል ወደ አየር ኃይል፦ መብረር የምትፈልጉ ወታደሮች ከምን ትጀምሩ?

እኔ በምድር ኃይል የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። በኋላ ወደ አየር ኃይል ተዛውሬ በሄሊኮፕተር አብራሪነት ጡረታ ወጣሁ። አሁን አራት ኪሎ እኖራለሁ። ፈቃድ ይዘው አዲስ አበባ የሚመጡ ልጆች ቤቴ ድረስ እየመጡ «ጋሼ፣ ማመልከቻው እንዴት ነው የሚጻፈው?» ይሉኛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ከማመልከቻው በፊት ዓይናችሁን ተመርመሩ።

ወደ አንድ የዓይን ክሊኒክ ግቡ። ርቀት ማየታችሁ ብቻ አይበቃም፤ የቀለም ምርመራም ይደረግልኝ በሉ። በነጠብጣቦች መሃል የተደበቀ ቁጥር ያስነብቧችኋል። ቀለም የመለየት ችግር ወንዶች ላይ ይበዛል፤ ብዙው ሰው እንዳለበት እንኳ አያውቅም። ለአብራሪ ግን ቀለም ማለት መረጃ ነው። ብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች ከመንደርደሪያው ጎን በረድፍ የተተከሉ አራት መብራቶች አሏቸው። ለማረፍ ስትወርዱ አራቱም ነጭ ከታዩ በጣም ከፍ ብላችኋል። አራቱም ቀይ ከሆኑ በጣም ዝቅ ብላችኋል፤ ይሄ አደገኛው ነው። ሁለት ነጭ ሁለት ቀይ ከሆነ መንገዳችሁ ትክክል ነው። ሬዲዮ ሲበላሽም የበረራ መቆጣጠሪያ ማማው የሚያናግራችሁ በመብራት ነው። የማይቋረጥ አረንጓዴ እረፉ ማለት ነው። የማይቋረጥ ቀይ ለሌላው ቅድሚያ ሰጥታችሁ መዞራችሁን ቀጥሉ ማለት ነው።

ጆሮ፣ ልብና የደም ግፊትም ይታያሉ። እባካችሁ በሽታ ደብቃችሁ አትግቡ። ተራ ጉንፋን የዘጋው ጆሮ እንኳ ከከፍታ ሲወረድ ታምቡሩ ሊቀደድ ይችላል። ከኋላችሁ ደግሞ ሰው ጭናችኋል።

ጤናችሁ ከተረጋገጠ አዛዣችሁን አናግሩ። አየር ኃይል ውስጥ የማውቀው ሰው አለ ብላችሁ የቅርብ አለቃችሁን አትዝለሉ። ወሬው ዞሮ እሱ ጋ ይደርሳል፣ ነገሩም ይበላሻል። አዛዥን የሚያስጨንቀው ቦታችሁን ማን ይሸፍናል የሚለው ነው። ስለዚህ ተተኪ አዘጋጁ። እኔ ማመልከቻ ከማስገባቴ በፊት አንድ አስር አለቃ ሥራዬን በደንብ አስለምጄ ነበር። አዛዤ ለመፈረም አልተቸገረም። የትምህርት ማስረጃችሁንም ቀድማችሁ አሰባስቡ። የዕድሜና የትምህርት መስፈርቱን በተመለከተ ከጓደኛ የሰማችሁትን ሳይሆን የወጣውን ማስታወቂያ እመኑ።

እስከዚያ አጥኑ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚሁ አራት ኪሎ አለላችሁ። ፊዚክስን ለፈተና ብቻ አትሸምድዱት። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ይደክማሉ፤ አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ይሄ የገባው ተማሪ የጭነት ገደብን ማንም ሳይቆጣው ያከብራል። እንግሊዝኛችሁን ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ። በበረራ ሬዲዮ ዘጠኝ «ናይነር»፣ ሦስት «ትሪ» ነው የሚባለው፤ ጆሯችሁ ከአሁኑ ይልመደው።

ማዕረጋችሁ ኮክፒት ውስጥ አያግዛችሁም። በዕድሜ የሚያንሳችሁ መምህር ሊቆጣችሁ ይችላል፤ ስሙት።

ምርመራው ለአብራሪነት ካላሳለፋችሁም ዝውውሩን ቶሎ አትተዉት። ጥገናው፣ ራዳሩና የበረራ ቁጥጥሩ የየራሳቸው መስፈርት አላቸው። የትኛውን እንደምታሟሉ ጠይቁ። አንድ ቴክኒሺያን «ዛሬ አትነሳም» ካለኝ አልነሳም ነበር። ቃሉ ከእኔ ፍላጎት በላይ ነበር።