ኔምሰርቨር ሲመዘገብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት፣ ድረ ገጹ ስለተከፈተ ብቻ የኔምሰርቨሩ (የድረ ገጹ ስም ወደ የትኛው አድራሻ እንደሚመራ የሚመልሰው ሰርቨር) ዝርዝር ትክክል ነው ብሎ መተው ነው። ለአንድ ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) ሁለትና ከዚያ በላይ ኔምሰርቨሮች ስለሚመዘገቡ፣ የአንዱ ስም ቢሳሳት በተጠቃሚው ፈንታ አድራሻውን የሚጠይቀው ሰርቨር ከዚያ መልስ ሲያጣ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ተጠቃሚው ቢበዛ ትንሽ መዘግየት እንጂ ብልሽት አያይም፤ ስህተቱም ለዓመታት ተሸሽጎ ይኖራል። ማስተርካርድ ከሚጠቀምባቸው 5 የአካማይ (የኢንተርኔት አገልግሎት ኩባንያ) ኔምሰርቨሮች አንዱ በዶት ኔት ማለቅ ሲገባው የመጨረሻዋ ፊደል ተዘልላ የኒጀር የአገር ኮድ በሆነው በዶት ኤንኢ ተመዝግቦ፣ እ.ኤ.አ. ከጁን 2020 እስከ ጃንዋሪ 2025 ማንም ሳያርመው ቆይቷል። ስህተቱን ያየ አንድ የደኅንነት ተመራማሪ፣ ሌላ ሰው እንዳይቀድመው በማለት ያንን ዶሜይን በ300 ዶላር ገደማ በስሙ አስመዘገበው። ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው ቢቀድመው ኖሮ፣ ከጥያቄዎቹ ለከፊሎቹ የራሱን መልስ እየሰጠ ጎብኚዎችንና ኢሜይልን ወደ ፈለገው ሰርቨር መምራት፣ ከዚያም አልፎ ለዶሜይኑ የታመነ የምስጠራ ሰርተፍኬት ማውጣት በቻለ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት የፊደል ግድፈትን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ነው። በስሙ መነሻ ላይ በቁጥር አንድ ፈንታ የምትመስላት ፊደል ብትገባ፣ ዶሜይኑ ያው የኔምሰርቨሩ አቅራቢ ኩባንያ ስለሆነ ውጤቱ በአብዛኛው መልስ ማጣት ነው። አደጋው ያለው ሌላ ሰው ሊገዛው በሚችለው የስሙ ክፍል፣ ማለትም በአብዛኛው በመጨረሻው ነጥብ ግራና ቀኝ ነው። ስለዚህ እኔ ስሙን ሁልጊዜ ከመጨረሻው ወደ ኋላ፣ ፊደል በፊደል አነባለሁ፤ ዓይን ከፊት ሲያነብ የለመደውን ቃል ራሱ ይሞላዋልና።

በዞን ፋይል (የዶሜይኑ መዝገቦች በተጻፉበት ፋይል) ውስጥ ደግሞ ከሙሉ ስም በኋላ የምትቀመጠውን ነጥብ መርሳት የተለመደ ነው፤ ነጥቧ ከሌለች ሰርቨሩ የዞኑን ስም ከኋላ ይቀጥልበታል።

እርማትን በአንድ ቦታ ብቻ አድርጎ መተውም ስህተት ነው። የኔምሰርቨሮቹ ዝርዝር በመዝጋቢው (ዶሜይኑ በተመዘገበበት ድርጅት) በኩል በላይኛው ዞን፣ ለምሳሌ በዶት ኮም፣ እንዲሁም በራሱ በዶሜይኑ ዞን ውስጥ ይገኛል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ አንዱ ጠያቂ ትክክለኛውን፣ ሌላው የተሳሳተውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከታረመም በኋላ አሮጌው መልስ የተሰጠው የቆይታ ጊዜ እስኪያልፍ በየሰርቨሩ ማከማቻ ይቆያል፤ በዶት ኮም የላይኛው ዞን ይህ ጊዜ 172,800 ሰከንድ፣ ማለትም 2 ቀን ነው። ስለዚህ ለውጡን ባስገቡበት ዕለት በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ያዩት ውጤት ማረጋገጫ አይሆንም። ዲግ በተባለው፣ ኔምሰርቨርን በቀጥታ በሚጠይቅ የኮምፒውተር ትእዛዝ መጀመሪያ የላይኛውን ዞን፣ ቀጥሎ የተመዘገቡትን ኔምሰርቨሮች አንድ በአንድ በስማቸው ይጠይቁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ዝርዝር እስኪመልሱ ድረስ ሥራው አላለቀም።